ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታና ከዳር ስለ ወደቀው ፈረስ

ሰንጠረዥ ሲባል የዛሬ የመሥሪያ ቤት ሰው የሚያስበው፣ የበጀት ቁጥር ተደርድሮ የሚቀርብበትን ባለ መስመር ወረቀት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ቃሉ ወደ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት በነገሥታትና በመኳንንት አዳራሽ የኖረ የጨዋታ ስም እንደ ሆነ የሚያስታውስ ሰው እያነሰ ሄዷል። ጨዋታው በህንድ አገር ቻቱራንጋ ተብሎ ተጀመረ፤ በፋርስ በኩል አልፎ በዓረቦች አፍ ሸትረንጅ ተባለ፤ ወደ እኛም አገር በዚያው ስም መጥቶ ሰንጠረዥ ሆነ። ፈረንጆችም ከዓረብ ተቀብለው፣ ከጊዜ በኋላ ሕጉን እየለወጡ ዛሬ ቼዝ የምንለውን አደረጉት። እኛ ግን ከጥንቱ ሕግ አብዛኛውን ጠብቀን፣ የራሳችንንም ልማድ ጨምረንበት አቆየነው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ የሚኖረው አራዳ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ብዙ ሳይርቅ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ጥበብ ለማሠልጠን በከፈተው መርሐ ግብር ተመዝግቦ የመጀመሪያውን ትምህርት ፈጽሟል፤ የምስክር ወረቀቱንም እናቱ በመስታወት አስገብታ በግድግዳ ሰቅላለታለች። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቱን ጨረስሁ እንጂ ገና አንድ ነገር በራሴ እጅ አልሠራሁም፤ መልመጃው ሁሉ የሰው አገር ጨዋታ ነው፤ የእኛ የሚባል ጨዋታ የለንም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «ሰንጠረዥ አለ» አልሁት። በዚህች ቃል ምክንያት አምስት ወር ሙሉ የቅዳሜ ከሰዓቴ እንደሚሄድ ባውቅ ምናልባት ገበጣ እለው ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሕጉን ባጭሩ ላስታውስ። ሰሌዳው 8 ረድፍ በ8 ዓምድ፣ በጠቅላላው 64 ቤት ነው፤ እንደ ፈረንጅ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ተደርጎ አይዥጎረጎርም፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰፍቶበት ይዘረጋል እንጂ። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ንጉሡ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይሄዳል። ደር በቀጥታ መንገዱ እስከ ተከፈተለት ድረስ ይነጉዳል። ፈረስ በፈረንጅ ጨዋታ እንደሚዘልለው ይዘልላል። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በአግድም ሁለት ቤት ይዘልላል፤ በመካከል ያለው ቤት ቢሞላም አያግደውም። መደቅ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የሚበላው ግን በአግድም ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቤት የመራመድ መብት የለውም። ስለ ፈርዝ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ፤ ክርክሩ ያለው በእርሱ ዘንድ ነውና።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ጨዋታ ቀድመው መዝግበውታል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደ ነበሩ ጽፏል። በ1860 እ.ኤ.አ. በጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የተወው ጽሑፍ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲታተም የአጨዋወቱ ሥርዓት በውስጡ ተገኝቷል። የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው መሪ በ1913 እ.ኤ.አ.፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሰብስበው አቅርበውታል። እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን አሳምረው ይችሉ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። የሚያሳዝነው፣ የሕጉን ዝርዝር ለልጁ ስፈልግለት ከአማርኛ መጽሐፍ ይልቅ ከእንግሊዝኛው መቅዳቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ልጁ ሥራ እንመለስ። መጀመሪያ ያደረገው ለፈረንጅ ቼዝ የተጻፈ ሥርዓት አይቶ መከተል ነበር፤ በዚህም ምክንያት ፊል እንደ ፈረንጅ ጳጳስ (ያን ክፍል እነርሱ ጳጳስ ይሉታል) መንገዱ ሲዘጋ ቆመ። ይህ በቶሎ ታረመ። መደቅም ከሁለቱ ወገን በአንደኛው ዘንድ ወደ ኋላ እየሸሸ አስቸገረ፤ ይህም ለሁለቱም ወገን «ወደ ፊት» ማለት ቁጥር መጨመር ነው ተብሎ ስለ ተጻፈ ነው። ለላይኛው ወገን ወደ ፊት ማለት መቀነስ ነው። ይህንንም አረመ።

ሦስተኛው ግድፈት ግን እንዲህ በቀላሉ አልተያዘም። አንዳንድ ጊዜ ጨዋታው በደኅና እየሄደ ሳለ አንድ ፈረስ ከቀኝ ዳር ጠፍቶ በግራ ዳር ይገኛል። ልጁ ኮዱን አሥር ጊዜ አነበበ፤ ስሕተት አላየበትም። እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የጻፈው ሰው የሚያነበው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልቡ ያለውን ነው። ስለዚህ የብራና ጸሐፊዎች ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ አንዱ እያነበበ ሌላው ይከተል አልሁት። በካርቶን ላይ 64 ቤት አሰመርን፤ በአራዳ መንገድ ዳር ዳማ የሚጫወቱ ልጆች እንደሚያደርጉት ቆርኪ ሰበሰብን፤ ልጁ የጻፈውን መስመር በመስመር ጮኾ ያነባል፣ እኔ ትርጉሙን ሳልጠይቅ የታዘዝሁትን ብቻ አደርጋለሁ።

ይህ አሠራር አዲስ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳሁ። ለኮምፒዩተር ጥበብ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ቼዝ የሚጫወት ሥርዓት ጽፎ፣ የሚያስኬድለት ማሽን ባለመኖሩ በ1952 እ.ኤ.አ. ራሱ እንደ ማሽን ሆኖ ወረቀቱን እየተከተለ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫውቷል፤ በ29ኛውም እርምጃ ተሸንፏል።

በቅድሚያ ያደረግነው መቁጠር ነው። ጨዋታው ሲጀመር አንዱ ወገን ስንት ዓይነት እርምጃ ሊራመድ ይችላል? ስምንቱ መደቆች አንዳንድ፣ ይህ 8 ነው፤ ሁለቱ ፈረሶች ሁለት ሁለት፣ ይህ 4 ነው፤ ሁለቱ ፊሎች ሁለት ሁለት፣ ይህም 4 ነው። የቀሩት በገዛ ወገናቸው ታግደዋል። ድምሩ 16 ይሆናል። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጊዜ ሲራመዱ 16 ጊዜ 16፣ ማለት 256 መሆን አለበት። የልጁን ማሽን ብንጠይቀው 17 አለ፤ ለሁለቱም ወገን ሲሆን 289 አለ። በአንድ እርምጃ የበለጠው አንድ ብቻ ነው፤ ሌባው ከ17ቱ አንዱ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

ሌባውን ለመያዝ የሰሌዳውን አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሰሌዳ አያውቅም፤ የሚያውቀው በአንድ ረድፍ የተሰለፉ 64 ቁጥሮችን ነው። ቆጠራውም ከ0 ይጀምራል፤ በግእዝ አኃዝ ለባዶ ምልክት ስለሌለንና ከ፩ ስለምንጀምር ይህ ለእኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የታችኛው ረድፍ ከ0 እስከ 7፣ ሁለተኛው ከ8 እስከ 15፣ ሦስተኛው ከ16 እስከ 23 እያለ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ረድፍ ወደ ፊት ማለት 8 መጨመር፣ ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ማለት 2 መጨመር ነው፤ ፈረሱ አንድ ወደ ፊት ሁለት ወደ ቀኝ ሲዘልል 10 ይጨመርለታል። ልጁ «10 ጨምር» ብሎ ጽፏል፤ ሒሳቡ ልክ ነው።

በካርቶናችን ላይ የቀኙ ፈረስ የቆመው በ6 ነው። ልጁ «10 ጨምር» ብሎ አነበበ፤ እኔም ጣቴን በቁጥሩ ላይ እያስኬድሁ 16 ላይ ደረስሁ። 16 በሦስተኛው ረድፍ በግራ ዳር ያለው የመጀመሪያው ቤት ነው! ከፈረሱ በስተቀኝ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት ወደ ቀኝ ሂድ ቢባል፣ ከሰሌዳው ወድቆ እንደ መቅረት በሌላኛው ዳር ብቅ አለ። በብራና ላይ ቃል መስመር ሲሞላበት የቀረው ፊደል በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይጻፋል፤ አንባቢም አይሰናከልም። የልጁ ማሽን ፈረሱን እንደ ፊደል ቆጥሮታል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር። ማንኛውም ክፍል በአንድ እርምጃ ከ2 ዓምድ በላይ ርቆ ከተገኘ እርምጃው ከዳር የወደቀ ነውና ይሰረዝ ተብሎ ተጻፈ። ፈረስም ፊልም ከ2 ዓምድ አያልፉም፤ ንጉሥና ፈርዝ ከ1 አያልፉም፤ ደርም ቢሆን የሚነጉደው ቤት በቤት እየተቆጠረለት ነው። ማሽኑ እንደገና ሲጠየቅ 16 አለ፤ ቀጥሎም 256 አለ። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ እናቱን ሊጠራ ሮጠ። እኔም፣ አልደብቅም፣ ደስ አለኝ።

ደስታችን ሳምንት አልቆየም። ማሽኑ ራሱ እንዲጫወት በተደረገ ጊዜ ክፍሎች ሳይበሉ ከሰሌዳው ይጠፉ ጀመር። አንድ እርምጃ ንጉሡን ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፣ ማሽኑ እርምጃውን በሌላ ሰሌዳ ሞክሮ ማየት አለበት። ልጁም «ሙከራ ማለት ሰሌዳ ነው» የሚል መስመር ጽፏል። እንደ ልማዳችን እያነበበልኝ በካርቶኑ ላይ ብንሄድበት ሁሉም በደኅና ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ አደረግነው፤ አሁንም ደኅና። ማሽኑ ጋ ሲመለስ ግን ክፍሎቹ ይጠፋሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ሙከራ» የሚለውን በሰማሁ ቁጥር ከጎኔ ያዘጋጀሁትን ሁለተኛ ካርቶን እየሳብሁ እሞክር ነበርና። በሦስተኛው ጊዜ እጄ ወደ ካርቶኑ ሲሄድ ራሴን ያዝሁትና፣ «ሁለተኛ ሰሌዳ አምጣ የሚለው የት ተጽፏል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ፈለገ፤ አልተጻፈም። እርሱ በሚጽፍበት ፓይተን በሚባለው ቋንቋ፣ እንዲህ ያለው ቃል ለዚያው ለአንዱ ሰሌዳ ሁለተኛ ስም ያወጣለታል እንጂ ሌላ ሰሌዳ አይሠራም። ሁለት ስም፣ አንድ አካል ማለት ነው (የዚህ ጋዜጣ አንባቢ የሆኑ ሊቃውንት ወደ ሌላ ምሥጢር እንዳይወስዱብኝ አደራ)። በሙከራ የተበላው ሁሉ በእውነተኛው ሰሌዳ ላይ ይበላ ነበር። እኔም ደግ አንባቢ ሆኜ ያልተጻፈውን እየሞላሁ ግድፈቱን ሸሸግሁት፤ ይህ ለአራሚ ትልቅ ነውር ነው። መድኃኒቱ «ግልባጭ አውጣ» የሚል አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ ሁሉ ግልባጭ ካልተደረገለት እንደማይሄድ በሚያውቅ መሥሪያ ቤት ለምንኖር ሰዎች ይህን አለማሰባችን ይገርማል።

ከዚህ በኋላ የቀረው የፈርዝ ነገር ነው፤ ይህም የኮድ ግድፈት አይደለም። ፈርዝ በፋርስ ቋንቋ አማካሪ ማለት ነው፤ በአግድም አንድ ቤት እንደሚሄድ ሁሉም ይስማማሉ። ነገር ግን አንዳንዱ ጸሐፊ በአግድም ብቻ ይሄዳል ሲል፣ ሌላው ለመሄድ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይሄዳል፣ ለመብላት ግን በአግድም ብቻ ነው ይላል። በቁጥራችን ብንፈትነው 16ቱም 256ቱም በሁለቱም ሕግ አይለወጥም፤ ፈርዝ በመጀመሪያ በገዛ ወገኑ ተከብቧልና። ልዩነቱ የሚታየው በፊቱ ያለው መደቅ ከተነሣ በኋላ፣ በሦስተኛው እርምጃ ነው። የትኛው ሕግ ትክክል እንደ ሆነ ግን ቁጥር አይናገርም፤ ማሽንም አይናገርም። መናገር የሚችል የተጫወተ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ሰንጠረዥ ሲጫወቱት ያዩ አንድ አባት ብቻ ቀርተዋል፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፣ በልጅነቴ ከተማርሁባቸው የኔታ ናቸው። ይኖሩ የነበሩት ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ባለው ሠፈር ነበር። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት ዓመት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ለልማት ሲነሡ የእርሳቸውም ቤት ተነሣ፤ በከተማው ዳር በተሠራ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምፖሉም በርቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በአንድ ሠፈር ተሰብስቦ የኖረ ዕውቀት ሰዎቹ ሲበተኑ እንደሚበተን፣ የካሣ ሰነድም ይህን የሚያሰፍርበት ዓምድ እንደሌለው ለሹማምንቱ ባመለክት ከሥራዬ የወጣሁ አይመስለኝም። የቅርስ ባለሥልጣንም ሆነ የሠልጣኞቹ አሳዳሪዎች ሰንጠረዥንና ገበጣን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ፈልገው ቃላቸውን ቢያስመዘግቡ፣ ለጀማሪዎችም መልመጃ አድርገው ቢሰጡ ወጪው ጥቂት ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።

የኔታ ፎቁ ቢያስቸግራቸውም በየወሩ በ23 የጊዮርጊስን በዓል ሳያስታጉሉ ይመጣሉ። ባለፈው ጥቅምት 23 ልጁን ይዤ ጠበቅኋቸው፤ ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን አላየናቸውም። ልጁ «ጋሼ፣ አይመጡም መሰለኝ» አለኝ፤ ያመማቸው እንደ ሆነም ያወቀ አልነበረም። በኅዳር 23 መጡ። ከቅጥሩ ወጥተን ሻይ ቤት ገባንና ካርቶኑን ዘረጋንላቸው። መጀመሪያ የተቆጡት ንጉሡ የቢራ ቆርኪ በመሆኑ ነው፤ በአምቦ ውሃ ቆርኪ ለወጥንላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፈርዝ ጠየቅኋቸው።

የኔታ ጣታቸውን በፈርዙ ላይ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ፤ ወዲያው አንድ ቤት ወደ ፊት አስኬዱት። «በአባቴ ቤት መንገዱ በየአቅጣጫው ነው፤ መብሉ ግን በአግድም። የአባቴ ጌታ ዘንድ ግን በአግድም ብቻ ነበር፤ እዚያ ሲሄድ አባቴ ፈርዙን እንደዚያው ያጫውተው ነበር» አሉ። ልጁ ተቸግሮ «ታዲያ የትኛውን ልጻፍ አባቴ?» ቢላቸው፣ «አቋቋም የላይ ቤት ነው ወይስ የታች ቤት ብለህ ትጠይቅ የለም ወይ? ሁለቱንም ጻፍና መጀመሪያ የማን ቤት ብለህ ጠይቅ» አሉት። ልጁ አቋቋም አያውቅም፤ ነገሩን ግን ወዲያው ያዘው። በዚያው ሌሊት ማሽኑ ከጨዋታው በፊት «በማን ቤት ሕግ?» ብሎ የሚጠይቅበትን መስመር ጻፈለት።

ያልተፈታው ወረራ ነው። ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ጨዋታ የሚለየው የመክፈቻው ልማድ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸውን ክፍል በፈለጉት ፍጥነትና ብዛት ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሰልፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገናም ይሠራል። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ክፍል የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። የልጁ ሥራ ግን ከሥሩ ጀምሮ «ተራ» በሚባል አንድ ሣጥን ላይ የቆመ ነው፤ ሣጥኑ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ይላል፣ ሌላ ቃል አያውቅም። እያንዳንዱ እርምጃ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ልጁ በወረራው ጊዜ ሣጥኑ ባዶ እንዲሆን ቢያደርግ ማሽኑ ማንንም አላራምድ አለ፤ ለሁለቱም ፍቀድ ቢለው ደግሞ አንዱ የሌላውን ክፍል ማንቀሳቀስ ቻለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢበሉስ? የኔታን ብንጠይቃቸው «እጅ ይቀድማል፤ የተበላውም ይመልሳል» አሉ። ለማሽኑ ግን የትኛው እጅ እንደ ቀደመ የሚፈርድ ሰው በአጠገቡ የለም፤ ልጁ አሁን የሚሠራው በዚህ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 23 ልጁ ኮምፒዩተሩን ራሱን ይዞ መጣ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው የጨዋታውን ሰሌዳ አዩ፤ የፊደሉን ጥራት አመሰገኑ። «የማን ቤት?» ለሚለው «የአባቴ» አሉና ልጁ መረጠላቸው። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ በካርቶኑ ላይ ባለው ቆርኪ ወረራቸውን ጀመሩ፤ ልጁም በዚያው በካርቶኑ ላይ ይመክት ጀመር። ሁለቱን ፈረሶች አወጡ፣ መደቆቹን በግራ በኩል ሰደዱ፣ ፊሉን አዘለሉ፤ ልጁ ሦስት እርምጃ ሳይራመድ እርሳቸው አሥር ተራመዱ። ኮምፒዩተሩ በጠረጴዛው ዳር ሆኖ «ተራው የነጭ ነው» እንዳለ ቆሟል።